ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ

የሁዳዴ ረቡዕ ነው፤ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ውጭ መንገዱ በምሳ ሰዓት ሰው ተጨናንቋል። በአንድ የአዲስ አበባ ደብር ቅጽር ውስጥም ሰው እየበዛ ነው። ከጥዱ ሥር የቆመች ወጣት ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች፤ የምትሠራበት ባንክ መታወቂያ ከነጠላው ሥር ከአንገቷ እንደተንጠለጠለ ነው። ፈንጠር ብሎ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከነደንብ ልብሱ ጫማውን አውልቆ ይሰግዳል። ሁለት አዛውንቶች መቋሚያቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከውስጥ የቅዳሴው ዜማ በድምፅ ማጉያ ይመጣል። ከበሮ የለም፣ ጸናጽልም የለም፤ በዚህ ወራት ሁለቱም ያርፋሉ።

ወጣቷ ከቦርሳዋ ትንሽ የኪስ ዳዊት አውጥታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነብባለች። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲል መጽሐፉን ዘግታ ወደ በሩ ታመራለች። በመንገዷ መስቀል የያዙ አንድ ካህን አግኝታ ጎንበስ አለች።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ።»

የምሳ ሰዓቷ አለቀ፤ ምሳ ግን አልበላችም። እንደ አብዛኛው በግቢው እንዳለ ሰው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ወዲህ ውኃም አልቀመሰች። የምትበላው ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ፣ እዚያው ቢሮዋ ውስጥ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። ወንጌሉ ጌታ በመስቀል ላይ በታላቅ ድምፅ ጮኾ ነፍሱን የሰጠው በዘጠኝ ሰዓት እንደ ነበረ ይተርካል። በሐዋርያት ሥራ ጴጥሮስና ዮሐንስ ለጸሎት ወደ መቅደስ ሲወጡ ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር፤ ለመቶ አለቃው ለቆርኔሌዎስ መልአክ የተገለጠለትም በዚያው ሰዓት ነው። በሁዳዴ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ እንዲያልቅ የተደረገው ለዚህ ነው። ምእመኑ የሚጠብቀው ምግብ ብቻ አይደለም፤ አንድን ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል። እንግዲህ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ሥርዓት ውስጥ ምን አይበላም የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይቆምም። እስከ መቼ አይበላም? በዚያ በተለቀቀው ጊዜስ ምን ይደረጋል? የሚሉት አብረውት ይመጣሉ።

ዛሬ ጾም ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ግን የምግብ ዝርዝሩ ነው። በቅበላ ሰሞን ልኳንዳ ቤቶች ይጨናነቃሉ፤ በማግስቱ ያው ምግብ ቤት የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛና የጾም ኬክ ይዞ ይጠብቃል። ትልልቅ ሆቴሎች የጾም ቡፌ ይዘረጋሉ። ማኪያቶውም በአኩሪ አተር ወተት ተሠርቶ ይቀርባል። በዚህ ውስጥ ሕግ የጣሰ የለም፤ ሥጋም ወተትም አልተቀመሰም። ጣፋጭ የጾም ምግብ ነውር ነው ብዬም አልከራከርም፤ ስልጆ፣ አዚፋና ሱፍ ፍትፍት ያሰናዱልን እናቶች ይታዘቡኛል። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። ቁርሱን በቁርስ ሰዓት፣ ምሳውን በምሳ ሰዓት በልቶ ቅቤውን ብቻ በዘይት የተካ ሰው ከቀኑ ውስጥ አንዲት ደቂቃ አልተረፈችውም። ጸሎቱ የት ይግባ?

የአዋጅ አጽዋማት ሰባት ናቸው። ዐቢይ ጾም፣ ሕዝቡ ሁዳዴ የሚለው፣ 55 ቀን ነው። የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ብቻ ይቆያል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን፣ የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይጾማሉ። የሐዋርያት ጾም፣ ሕዝቡ የሰኔ ጾም የሚለው፣ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 4 ስለሚዘልቅ እንደ ፋሲካው አወጣጥ ይረዝማል፣ ያጥራል። የልደትና የጥምቀት ዋዜማ ገሃድ ይባላል። በመጨረሻም በየሳምንቱ የሚመላለሱት ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ የአይሁድ ምክርና የጌታ ስቅለት መታሰቢያ ናቸው። የእነዚህ የሁለቱ ቀናት ጾም ጥንታዊ ነው። ከሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብዙም ሳይርቅ የተጻፈው ዲዳኬ ክርስቲያኖች ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙ ያዝዛል። ሁሉም ሲደመር የዓመቱን ግማሽ ያህል ይሸፍናል፤ ጽጌንና ጳጉሜንን በፈቃዱ የሚጾም ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

የዓመቱን ግማሽ የሚወስድ ነገር ልዩ ዝግጅት ወይም የአንድ ሰሞን ዘመቻ ሊሆን አይችልም። ኑሮ ነው። በዚህ ረገድ ጾም ከዕለት ጸሎት ጋር የተገመደው በአጋጣሚ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብጽ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 14 ስለ ጸሎት፣ በአንቀጽ 15 ስለ ጾም፣ በአንቀጽ 16 ስለ ምጽዋት ይናገራል፤ ሦስቱ ተከታትለው ነው የተቀመጡት። ጾምን ሲያብራራም የሥጋን ፈቃድ አድክሞ ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ የሚደረግ መሆኑን ያስረዳል። እንግዲህ ሥጋ ከታዘዘ በኋላ ነፍስ የምትሠራው ሥራ ሊኖራት ይገባል።

ንጉሥ በንጉሥ

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በብዙ ቤቶች የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። ከመኝታቸው የተነሡ እናት ወይም አያት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዳዊት ይደግማሉ። ልጆች በዚህ ማጉረምረም እንቅልፋቸው ሳይረበሽ አድገዋል፤ ድምፁ የቀረ ዕለት ነው ደንግጠው የሚነቁት።

መዝሙረ ዳዊት ለጸሎት የሚከፋፈለው በንጉሥ ነው። አንድ ንጉሥ አሥር መዝሙር ሲሆን 150ው አሥራ አምስት ንጉሥ ይወጣዋል። በሳምንት ለመጨረስ ያሰበ ሰው ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ይደግማል፤ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150ውን ይፈጽማል። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። በቅዱስ ኤፍሬም ስም የሚጠራው ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ አርጋኖንም እንዲሁ። ስለዚህ ዛሬ ምን ልጸልይ ብሎ የሚቸገር የለም፤ ቀኑ ራሱ መልሱን ይዞ ይመጣል። ሐሳብ ሲበተን፣ ልብ ሲደርቅ፣ ሰው የራሱ ቃል ሲያጥረው፣ የተዘጋጀ ቃል ይጠብቀዋል። እኔ የዚህን ጥቅም አቅልለው የሚያዩ ሰዎች ደረቅ ወራት ገጥሟቸው የሚያውቅ አይመስለኝም።

በሥርዓቱ የቀኑ ጸሎት ሰባት ጊዜ ነው፦ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ቀትር፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። መዝሙረኛው በቀን ሰባት ጊዜ እንደሚያመሰግን መናገሩ የዚህ መሠረት ነው። ገዳማውያን ይህን ይጠብቁታል። ታክሲ ላይ ሁለት ሰዓት የሚያጠፋ የከተማ ሰው ግን ሰባቱን እንዳለ ልፈጽም ካለ በሦስተኛው ቀን አንዱንም አያገኘውም። ይህን ደጋግመው ያዩ የንስሐ አባቶች አካሄዳቸው ሌላ ነው። አንድ ወጣት በሁዳዴ መግቢያ መጥቶ፣ ፊቱ በጽኑ ውሳኔ ቀልቶ፣ በየቀኑ ሁለት ንጉሥ ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስና መቶ ስግደት እንደሚያደርስ ይነግራቸዋል እንበል።

«ጎሽ ልጄ» ይላሉ። «እስከ ዛሬ ስንት ትጸልይ ነበር?»

«እ... አባቴ፣ አልፎ አልፎ ነው።»

«እንግዲያው በየቀኑ አንድ መዝሙር ድገም፤ አቡነ ዘበሰማያት በል፤ ሦስት ስገድ። ግን አንድም ቀን እንዳይቀርብህ። ከፋሲካ በኋላ ትመጣና እንነጋገራለን።»

ወጣቱ ቅር ብሎት ይወጣል፤ የተነጠቀ ይመስለዋል። እኔ ግን በዚህ ትንሽ ቀኖና ውስጥ ብዙ ጥበብ አያለሁ። መቶ ስግደት የሚሰግድ ሰው ስንት እንደሰገደ ይቆጥራል፤ ሦስት የሚሰግድ ሰው የሚኩራራበት ነገር የለውም። አንድ መዝሙር ለማድረስ ድካም ምክንያት አይሆንም፤ እንግዳ መጣ፣ መብራት ጠፋ ማለትም አይቻልም። ያልጸለየ ዕለት ያልጸለየው ሳይፈልግ ብቻ ነው፤ ይህንም ራሱ ያውቀዋል።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር ልጨምር። የቀደመው ትውልድ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ዳዊት በግዕዝ ደግሞ ያድግ ነበር፤ ብዙው ሰው የሚለውን ሁሉ ባይተረጉመውም በቃሉ ያውቀዋል። የዛሬው ወጣት በስልኩ ላይ በአማርኛ ያነብባል፤ ትርጉሙ ይገባዋል። በሁለተኛው መዝሙር መካከል ግን የቴሌግራም መልእክት ከላይ ብቅ ይላል። አያቱ ያልተረዱትን ቃል ሳያቋርጡ ያደርሳሉ፤ እሱ የተረዳውን ቃል ሳይጨርስ ይተወዋል። የታተመ ዳዊት መግዛት ብዙ ወጪ አይደለም፤ ስልኩም ሌላ ክፍል ውስጥ ቢያድር አይሞትም።

ደረጃው የት ይጀምራል?

በመንፈስ ማደግ የሚለው ሐሳብ በዚህ ትውፊት ውስጥ ዝርዝር ካርታ አለው። ከአራቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤያት አንዱ መጻሕፍተ መነኮሳት የሚተረጎምበት ነው፤ መጻሕፍቱም ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። መምህራኑ አሥር መዓርጋትን ያስተምራሉ። ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ፣ አራቱ የንጽሐ ነፍስ፣ ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ናቸው። የመጨረሻዎቹ እንደ እኔ ላለ ጸሐፊ የሚነኩ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ግን ለማንም ቅርብ ናቸው፦ ጽማዌ፣ ልባዌ፣ ጣዕመ ዝማሬ። ዝም ማለት፣ ልብ ማለት፣ ከዚያ በኋላ የጸሎቱ ቃል መጣፈጥ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ጣዕሙ የመጣው በሦስተኛው ነው። ብዙዎቻችን ግን ከእሱ ልንጀምር እንፈልጋለን፤ ጸሎት ሲጀመር ካልጣፈጠን፣ ልባችን ካልሞቀ፣ እንባ ካልመጣ «ዛሬ አልሆነልኝም» ብለን እንነሣለን። እንባ እንኳ በዚህ ካርታ ላይ የሚገኘው ከሁለተኛው ክፍል፣ ከንጽሐ ነፍስ መዓርጋት መካከል ነው። ከሥር የተቀመጠው ዝምታ ነው። ጾም ራሱ በአሥሩ ውስጥ በስሙ አለመጠራቱም ያስገርማል። ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ጾም ደረጃው የቆመበት መሬት ነው። የጠገበ ሰው ዝም ማለት ይከብደዋል፤ ሆዱ ቢያርፍ ምላሱ ይነሣል። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የሚሰማው ድካም ግን ሰውን ቃል ያስቆጥባል፣ ድምፁን ያስቀንሳል። ያን ድካም ወደ ጽማዌ መለወጥም ወደ ንጭንጭ መለወጥም ይቻላል።

ንጭንጩን ሁላችንም እናውቀዋለን። «እየጾምኩ ነው፣ አታናግሩኝ» የሚለው አባወራ፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ቢሮውን ሁሉ በሐሜት የምታዳርሰው ባልደረባ፣ ታክሲ ላይ በሳንቲም ምክንያት ከረዳቱ ጋር ጉሮሮ ለጉሮሮ የሚተናነቀው ጿሚ። መምህራን ዓይንና አንደበትም ከሆድ ጋር እንዲጾሙ አጥብቀው የሚያስተምሩት ለዚህ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የወቀሳቸው ጿሚዎችም የተወቀሱት ስለ ምግባቸው አልነበረም፤ ጾመው ሠራተኛ ይበድሉ፣ ይጣሉ ነበር። ጌታም በተራራው ስብከቱ ሲጾሙ ፊታቸውን የሚያጠወልጉትን ገሥጾ፣ ራስህን ተቀባ፣ ፊትህንም ታጠብ ብሏል። የባንክ ሠራተኛዋ ለባልደረቦቿ የት እንደነበረች ባትነግራቸው የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሄርማ ሒሳብ

ጾም ከሰዓት ሌላ ገንዘብም ያስለቅቃል፤ ቢያንስ ሊያስለቅቅ ይገባ ነበር። በሁለተኛው መቶ ዘመን የተጻፈውና በግዕዝም የተተረጎመው የሄርማ መጽሐፍ በዚህ ላይ የሚያስደንቅ ግልጽነት አለው። በጾም ቀን እንጀራና ውኃ ብቻ ቅመስ ይላል፤ ያን ዕለት ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፤ ያንንም ለባልቴት፣ ለድሃ አደግ ወይም ለተቸገረ ስጥ። ነገሩ ያለ ሽፍንፍን የወጪ ሒሳብ ነው። ያልበላኸው ምሳ ወደ ሌላ ሰው አፍ ካልደረሰ ጾሙ አልተዘጋም።

ይህን ሒሳብ ይዘን ወደ ዛሬው ገበታ ብንመለስ የሚያሳፍር ነገር እናገኛለን። የጾም ቡፌው ከፍስኩ ምግብ የማይረክስበት ጊዜ አለ። አቮካዶው፣ ለውዙ፣ ቴምሩ፣ ከውጭ የመጣው የአኩሪ አተር ወተት ሲደመር የቤቱ ወጪ በሁዳዴ ከፍ ይላል። በአንጻሩ ዓመቱን በሙሉ ሽሮ የሚበላ ጎረቤት አለ፤ ሁዳዴ ሲገባ በገበታው ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። በእሱ ቤት ጾሙ የሚታወቀው በሰዓቱና በጸሎቱ ብቻ ነው። ከሁለቱ ማን ሥርዓቱን ይበልጥ እንደጠበቀ መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

በደብሩ በር ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የሚታየው ትዕይንት የሄርማን ሐሳብ ያስታውሳል። ከቅዳሴ የወጡ እናቶች ዳቦ ቆርሰው በዚያ ለተቀመጡ ችግረኞች ያድላሉ፤ ራሳቸው የሚቀምሱት ከዚያ በኋላ ነው። ማንም ይህን አደራጅቶት አያውቅም።

ነሐሴ በደብረ ሊባኖስ

ጾምና ጸሎት ተጋምደው ሙሉ ቀን ሲሆኑ ማየት የፈለገ በፍልሰታ ወደ ገዳም ይሂድ። በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ደብረ ሊባኖስ ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ስለሆነ በነሐሴ መጀመሪያ አካባቢው በሱባኤ ገቢዎች ይሞላል። ክረምት ነው፤ ጭጋጉ ከገደሉ እየተነሣ ግቢውን ይሸፍናል፤ ዝናቡ አያባራም። ሰው በየአዳራሹና በየመጠለያው ሰሌን አንጥፎ፣ ጋቢ ደርቦ ያድራል። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች፣ ሱቃቸውን ለዘመድ አደራ ብለው የመጡ ነጋዴዎች፣ የታመመ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ለዓመታት ያልታረቁትን ሰው በልባቸው ይዘው የመጡ ጎልማሶች ጎን ለጎን ይተኛሉ።

መተኛቱም አጭር ነው። ሌሊት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሰው ሰዓታት ይቆማል። ጠዋት ኪዳን ይደርሳል፤ ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል፤ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ ነው። ቅዳሴው ሲያልቅ በሶ በጥብጦ መጠጣት፣ ቆሎ መቆርጠም፣ የተነከረ ሽምብራ ወይም ንፍሮ መቅመስ ይቻላል። ከዚያ በላይ የሚያምረው ቢኖር የሚያገኘው የለም። እዚህ የሚያስደንቀው የረሃቡ ጽናት አይደለም፤ የቀኑ መሙላት ነው። ሰው ስለ ምግብ የሚያስብበት ክፍት ቦታ አያገኝም። ዋልድባ የደረሰ ደግሞ እህል የማይበላበት፣ መነኮሳቱ ቋርፍ በሚባል ምግብ የሚኖሩበት ሌላ ዓለም ያያል፤ ያ ግን ለሁላችንም የተጻፈ ሥርዓት አይደለም።

ፍልሰታ የልጆችም ጾም ነው። በከተማው ደብሮች ትንንሽ ልጆች ነጭ ለብሰው፣ ከእናታቸው ጋር እስከ ቅዳሴ ፍጻሜ ቆይተው ይቆርባሉ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም፤ ሆኖም ታላላቆቹን አይቶ «እኔም እስከ ስድስት ሰዓት» ብሎ ይደራደራል። ጾም ለብዙዎቻችን የገባን በዚያ ድርድር ነው።

ከሱባኤ የሚመለስ ሰው ፈተና ግን ከነሐሴ 16 በኋላ ይመጣል። በገዳም ቀኑን የሞላለት ሌላ ሰው ነው፤ ደወሉን የደወለ፣ ሰዓታቱን የመራ፣ ትርጓሜውን የተረጎመ። በቤቱ ይህን ሁሉ የሚያደርግለት የለም። አንዳንዱ ሱባኤውን እንደ ዓመታዊ ሕክምና ቆጥሮት እስከሚቀጥለው ነሐሴ ይረሳዋል። ከዚያ ይልቅ ከገዳሙ ቀን አንዲት ቁራጭ ይዞ የተመለሰው፣ ለምሳሌ የጠዋቷን ውዳሴ ማርያም ብቻ፣ በጥቅምት ሲጠይቁት የሚመልሰው ነገር አለው።

በሌላ ደጅ፣ በሌላ አገር

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አማንያን በዚህ ጉዳይ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣሉ። በእነሱ ዘንድ የተለመደው የጥሞና ጊዜ የሚባለው ነው፦ ማለዳ ብቻን መቀመጥ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ማንበብ፣ የገባቸውን በማስታወሻ ደብተር መጻፍ፣ በራስ ቃል መጸለይ። ጾም ጸሎት የሚሉት ደግሞ ከምግብ ሁሉ ተከልክሎ፣ ብዙ ጊዜ በጋራ ተሰብስቦ የሚደረግ ነው፤ የቀን መቁጠሪያው በአብዛኛው ግለሰቡ ወይም አጥቢያው የሚወስነው ነው። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉባቸው በየቤቱ ጥቂት ሆነው ድምፅ ሳያሰሙ የጸለዩት ይህን ልማድ ይዘው ነው። የሥርዓት ልዩነቱ ብዙ ነው፣ አላሳንሰውም። ሆኖም ዳዊትን በየቀኑ የሚደግም ኦርቶዶክሳዊ ከደጋገመው ቃል አንዱን ለቀኑ ይዞ ቢወጣ አይጎዳም፤ ጥሞና የሚያደርገውም ቃል ሲያጥረው ሺህ ዓመታት የተጸለየበት መዝሙር አለለት።

ስደት ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት የሳዑዲ ከተማ በሰው ቤት የምትሠራ እህት የሁዳዴ ዓርቧን ማንም ሳያውቅላት ትጾማለች። የአሠሪዎቿ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር የሚገጥምበት ዓመትም አለ፤ ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ማታ ለሌሎች ፍጡር ታሰናዳለች። ጸሎቷ በመኝታ ክፍሏ፣ ጆሮ ማዳመጫ ሰክታ፣ ከስልኳ የምታደምጠው ነው። ስልክን ከላይ የወቀስኩትን ያህል እዚህ ላይ ላመስግነው ይገባል። በአሜሪካ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት የሚሞላው እንቅልፍ ላይ ሆና ነው። እንዲህ ላሉት የንስሐ አባቶች ሰዓቱን ከፈረቃቸው ጋር አስማምተው ይቀንሱላቸዋል፣ ያዛውሩላቸዋል። ሥርዓቱ ይህን የሚያደርግ ልብ አለው። ሕመምተኛን፣ ነፍሰ ጡርንና የምታጠባ እናትን እንደ ጤነኛ አያስገድድም። የስኳር ሕመም ኖሮበት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢቆይ ጽድቅ ሳይሆን አደጋ ነው፤ ካህኑም ቢጠየቁ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፋሲካ ይመጣል። ከጸሎተ ሐሙስ ጉልባን፣ ከዓርብ ስግደትና ከቅዳሜው ቄጤማ በኋላ፣ አክፍሎት የያዙት ሁለት ቀን እህል ሳይቀምሱ ከቆዩ በኋላ፣ ሌሊት ቅዳሴው ያበቃል፤ ዶሮው ይወጣል። ቀጥሎም በዓለ ሃምሳ ነው። ለ50 ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ስግደትም የለም። ቤተ ክርስቲያን ደስታን በአዋጅ ያዘዘችበት ወቅት ስለሆነ በዚህ ጊዜ የሚጾም ሰው ትጉህ ሳይሆን ሥርዓት የጣሰ ነው።

የጸሎት ሕይወቱ በምን ላይ እንደተሠራ የሚታየው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ጸሎቱን ከረሃቡ ጋር ብቻ ያሠረው ሰው ረሃቡ ሲፈታ ጸሎቱም አብሮ ይፈታል፤ የምሳ ሰዓቱ ተመልሶ ምሳ ይሆናል፣ ማለዳውም ተመልሶ እንቅልፍ ይሆናል። ጸሎቱን በሰዓት ላይ የተከለ ግን የሚቀንሰው ስግደቱን ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር የተባለው ወጣት ወደ ንስሐ አባቱ የሚመለሰው በዚህ ወቅት ነው፤ እሳቸውም የሚጠይቁት ስለ ሁዳዴው አይደለም። «ካለፈው እሑድ ወዲህስ?» ይሉታል። ደግሞ ከሆነ ሁለተኛ መዝሙር ይጨምሩለታል። ካልደገመም ያችኑ አንዷን መልሰው ይሰጡትና የሰኔ ጾም መቼ እንደሚገባ ይነግሩታል፤ «የቄስ ጾም ነው ብለህ እንዳታልፈው» እያሉ።